ትርፉ የት ነው ያለው?

አዲስ የተከፈተ አነስተኛ ንግድ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ የማይለየው አንድ ጥያቄ አለ፤ አተረፈ ወይስ ከሰረ? ላይ ላዩን ሲታይ ቀላል ጥያቄ ነው፤ አብዛኛው ነጋዴም መልሱን የሚፈልገው ከመሳቢያው ነው። ማታ በር ተዘግቶ ብሩ ሲቆጠር ከጠዋቱ ከበለጠ ቀኑ ጥሩ ነበር ይባላል፤ ካነሰ ደግሞ ኪሳራ ነው ይባላል። ብሩ አንድም ሳይዛነፍ ተቆጥሮ መልሱ ግን ስሕተት ሊሆን ይችላል። መሳቢያው የሚያሳየው አሁን በውስጡ ያለውን ብቻ ነው። ገንዘቡ ከየት እንደመጣ፣ የማን እንደሆነ፣ ነገ ለማን እንደሚከፈል የሚናገርበት መንገድ የለውም። ከሽያጭ የተገኘው፣ ከወንድም የተበደሩት፣ የእቁብ ዕጣ የወጣበት፣ ለሚመጣው ሳምንት ተብሎ የተከፈለ ቀብድ፣ ሁሉም አንድ መልክ ይዘው ይቀመጣሉ። እንግዲህ ትርፍ የሚባለው ነገር የት ነው ያለው? በእጅ የሚዳሰስ ቢሆን ኖሮ በቆጠራ በተገኘ ነበር። የማይዳሰስ ከሆነ ደግሞ መኖሩ በምን ይታወቃል?

አዲስ አበባ ውስጥ ለሆቴሎችና ለየቤቱ እንጀራ ጋግራ የምታቀርብ አንዲት ሴት በምሳሌነት ትወሰድ። መነሻዋ 120,000 ብር ነው እንበል። ከዚያ ላይ በ36,000 ብር ሦስት የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዛችና 84,000 ብር በእጇ ቀረ። በመጀመሪያው ወር የ80,000 ብር ጤፍ ገዛች፤ ለቤት ኪራይ፣ ለመብራትና ለረዳቷ ደመወዝ 19,000 ብር ከፈለች፤ ከገዢዎቿ ደግሞ 90,000 ብር ሰበሰበች። ወሩ አልቆ ብሩ ሲቆጠር 75,000 ሆኖ ተገኘ። ገንዘቧ በ9,000 ብር ጎድሏል፤ አንድ ወር ሙሉ ከሌሊት ጀምሮ ምጣድ ሥር ለቆመ ሰው ይህ ሥራውን ለመተው የሚበቃ ምክንያት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ሁለት ሆቴሎች የ20,000 ብር እንጀራ በዱቤ ወስደዋል። ከጤፉም የ15,000 ብሩ ወፍጮ ቤት አልሄደም፤ ገና በጆንያው ነው። ምጣዶቹ ሦስት ዓመት ያገለግላሉ ከተባለ የወሩ ድርሻቸው 1,000 ብር ይሆናል። እንዲህ ሲታሰብ የወሩ ሽያጭ 110,000 ብር ነው፤ ለዚህ ሽያጭ የጠፋው ደግሞ 65,000 ለጤፍ፣ 19,000 ለኪራይ፣ ለመብራትና ለደመወዝ፣ 1,000 ለምጣድ፣ በጠቅላላው 85,000 ብር ነው። ትርፏ 25,000 ብር ነው።

በአንድ ወር ውስጥ፣ በአንድ ሥራ ላይ፣ ገንዘቡ 9,000 ብር ጎድሎ ትርፉ 25,000 ብር መሆኑ ተቃርኖ ይመስላል፤ ሁለቱም ቁጥሮች ግን እውነት ናቸው። ትርፉን አምጪ ብትባል ማምጣት አትችልም። ከፊሉ በሆቴሎቹ ቃል ላይ ነው፤ ከፊሉ በጆንያ ውስጥ ያለ ጤፍ ነው፤ በዚያ ላይ ምጣዶቹ በዝግታ እያረጁ ከዚህ ሁሉ ጥቂት ጥቂት ይቀንሳሉ። እነዚህ ነገሮች በአንድ ቦታ ተሰብስበው የሚገናኙት በደብተሩ ላይ ብቻ ነው። ስለ ሌላ ነገር ሲጻፍ፣ ለምሳሌ ስለ አንድ ቤት ስፋት፣ ጽሑፉ ቢጠፋም ቤቱ እዚያው አለ፤ ሄዶ እንደገና መለካት ይቻላል። የመጀመሪያው ወር ትርፍ ግን ካልተጻፈ ተመልሶ የሚለካበት ቦታ የለውም። ደግሞም የዚህ ግልባጭ አለ፤ መዝገቡ 25,000 ብር አተረፍሽ ያላት ሴት ሆቴሎቹ ክፍያ ቢያዘገዩ በሚቀጥለው ሰኞ ጤፍ መግዣ ልታጣ ትችላለች። ማትረፍና መክፈል መቻል የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ እያተረፉ የሚዘጉ ሥራዎች መኖራቸውም ከዚህ የተነሳ ነው። ስለዚህ የጥሬ ገንዘቡ መዝገብና የትርፍና ኪሳራው ስሌት አንዱ የሌላውን ቦታ አይተካም።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ጥርጥር ከሁሉም ይከብዳል። 25,000 ብሩ የማን ነው? የእርሷ ነው ማለት ይቀናል፤ ሕጉም ቢሆን በግሏ የምትነግድን ሴት ከንግዷ አይለያትም፤ የንግዱ ዕዳ በራሷ ንብረት ይጠየቃል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል፤ በአንድ ክፍል ቤት እንጀራ የሚጋገርበት ሥራ ግን ብዙውን ጊዜ እዚያ ደረጃ ሳይደርስ ነው የሚጀመረው። ሆኖም ሕጉ አንድ ያደረጋቸውን ሁለቱን መዝገቡ ግድ ይለያቸዋል። ከመሳቢያው ለልጅ ትምህርት ቤት 12,000 ብር ቢወጣ ንግዱ አልከሰረም፤ ባለቤቲቱ ከንግዱ ወሰደች እንጂ። ለቤት ራት በየቀኑ የሚነሳው እንጀራም ቢሆን ንግዱ ለአንድ ቤተሰብ ያለ ክፍያ የሰጠው ነው። በሌላ በኩል የእርሷ ጉልበት አለ። በቦታዋ ጋጋሪ ብትቀጥር በወር 8,000 ብር የምትከፍል ከሆነ ንግዱ በእውነት ያስገኘው 17,000 ብር ነው፤ የቀረው የድካሟ ዋጋ ነው። ይህን ሳታሰላ የቆየች ሴት ሥራው ያተርፋል ብላ ታምናለች፤ ሰው ቀጥራ ልታስፋፋው በተነሳች ቀን ግን የተቀጣሪው ደመወዝ ትርፉን ሲበላው ታያለች። አንድ ሰው ከራሱ ኪስ ጋር እንደ ባዕድ ይተሳሰብ መባሉ ልብ ወለድ ይመስላል። ይሁንና ስለ ሥራው እውነቱን ለማወቅ የሚያስችለው ይህ ልብ ወለድ ነው፤ ሁለቱ ሲቀላቀሉ የሚታየው ገንዘብ ያለው ወይም ገንዘብ ያጣ ሰው ነው፤ ንግድ ግን አይታይም።

ጊዜም የራሱን ችግር ያመጣል። ዛሬ የተቦካው ሊጥ ምጣድ ላይ የሚወጣው ከሁለት ከሦስት ቀን በኋላ ነው፤ እርሾው ሥራውን ሠርቶ፣ አብሲቱ ተጥሎ፣ ሊጡ ኩፍ እስኪል መጠበቅ አለበት። ጤፉ የተገዛው ከዚያ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ሊሆን ይችላል፤ የሆቴሉ ክፍያ ደግሞ ከዚያ ሁለት ሳምንት ዘግይቶ ይመጣል። እንጀራዋ አንዲት ሆና ሳለ ወጪዋና ገቢዋ በአንድ ወር ገደማ ላይ ተበትነዋል። ታዲያ ያቺ እንጀራ ያተረፈችው መቼ ነው? ጤፉ በርካሽ የተገዛ ዕለት ነው ሊባል ይችላል፤ የተጋገረች ዕለት ነው ቢባልም፣ ገንዘቡ የተከፈለበት ዕለት ነው ቢባልም ምክንያት አይጠፋም። የሒሳብ አያያዝ ልማድ ከእነዚህ መካከል እንጀራዋ ለገዢው የተሰጠችበትን ዕለት መርጧል፤ ያን ዕለት ጋጋሪዋ ድርሻዋን ጨርሳለች፣ ገዢውም ባለዕዳ ሆኗል። ከዚያም ለዚያች እንጀራ የወጣው ወጪ፣ መቼም ይከፈል መቼ፣ ከዚያው ቀን ገቢ ጋር እንዲጻፍ ይደረጋል። ይህ ስምምነት ነው፤ ግን በዘፈቀደ የተመረጠ ስምምነት አይደለም።

የምጣዱ ነገር ደግሞ ከስምምነትም አልፎ ወደ እምነት ይጠጋል። ሦስት ዓመት ያገለግላል የተባለው ማን አይቶት ነው? ሁለት ዓመት ቢባል የወሩ ድርሻ 1,500 ብር ይሆንና ትርፉ ወደ 24,500 ይወርዳል። ገና ያልኖረ ዕድሜ የዛሬን ትርፍ ከፍና ዝቅ ያደርጋል። ሆቴሉ ይከፍላል የሚለውም እንዲሁ ግምት ነው። በዚህ ጊዜ ተጠራጣሪ ሰው፣ ትርፍ በሐሳብ የሚለወጥ ከሆነ መዝገብ ምን እውነት አለው ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን መዝገብን የሚያስጥል አይደለም። ዳኛም ሲፈርድ ያላየውን ነገር በማስረጃ ይገምታል፤ ግምቱ ከወሬ የሚለየው ምክንያቱ ተጽፎ ሌላው ሰው ሊመረምረው በመቻሉ ነው። ምጣዱ ሦስት ዓመት ያገለግላል ተብሎ በግልጽ የተጻፈ እንደሆነ በሁለተኛው ዓመት ሲቃጠል ስሕተቱ ይታያል፣ ይታረማልም። ሳይጻፍ በልብ የተያዘ ግምት ግን ስሕተት መሆኑ እንኳ አይታወቅም፤ ምጣዱ በተቃጠለ ዕለት የሚመጣው ወጪ ከሰማይ የወረደ መዓት ይመስላል።

መጻፍ ራሱ ታሪክ አለው። ፍራንሲስካዊው መነኩሴ ሉካ ፓቾሊ እ.ኤ.አ. በ1494 በቬኒስ ባሳተመው የሒሳብ መጽሐፍ ውስጥ የነጋዴዎችን ባለ ሁለት ጎን አመዘጋገብ አስረድቷል። ስልቱን የፈጠረው እርሱ አይደለም፤ የጄኖዋ ከተማ የ1340 መዝገቦች ቀድሞውኑ በዚሁ መንገድ የተጻፉ ናቸው። ፓቾሊ ነጋዴው ከሁሉ በፊት ያለውን ንብረትና ዕዳ ቆጥሮ እንዲጽፍ፣ መዝገቡንም በእግዚአብሔር ስም እንዲጀምር ይመክራል። ሦስት መዝገብ ያዛል፤ አንዱ የዕለቱ ነገር ሁሉ እንደመጣ የሚጻፍበት፣ ሁለተኛው ያ ተጣርቶ በቀን ተራ የሚገለበጥበት፣ ሦስተኛው በየሒሳቡ የሚከፋፈልበት። ባለ ሁለት ጎን አመዘጋገብ የሚለው ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው፤ ምንም ነገር ከሌላ ቦታ ሳይወጣ ወደ አንድ ቦታ አይገባም። ጤፍ ከገባ ገንዘብ ወጥቷል ወይም ዕዳ ተወልዷል፤ ዱቤ ከተሰበሰበ ገንዘብ ገብቶ የሆቴሉ ዕዳ ጠፍቷል። አንዱ ጎን ብቻ የተጻፈ እንደሆነ ድምሩ አልመጣጠን ይልና ስሕተቱን ራሱ ይናገራል። ትንሿ እንጀራ ጋጋሪ ይህን ሁሉ መዘርጋት ላያስፈልጋት ይችላል። የገባ፣ የወጣ፣ ዱቤ የተሰጠ፣ ዕዳ ያለባት፣ ለቤት የተወሰደ፣ እነዚህን አምስቱን በየቀኑ በአንድ ደብተር ላይ ብትጽፍና ደረሰኞቿን በቀን ቅደም ተከተል ብታስቀምጥ የፓቾሊ የመጀመሪያ መዝገብ በእጇ አለ ማለት ነው።

በየቀኑ መጻፉ ለምን አስፈለገ ማለትም ተገቢ ነው፤ ወር ሲያልቅ ማስታወስ አይቻልምን? ያጋጠመው ችግር የመርሳት ብቻ ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ በጎደለና በበዛ እየተቻቻለ በቀለለ ነበር። ነገር ግን ሰው የሚረሳው በምርጫ ነው። የተቀበለውን ትልቅ ብር ያስታውሳል፤ ለጫኝ የሰጠውን 50 ብር፣ ለሻይ የወጣውን፣ ተቃጥሎ የተጣለውን እንጀራ ይረሳል። ስለዚህ በቃል የተያዘ ሒሳብ ሁልጊዜ ወደ ተስፋ ያጋደለ ነው። በአክሱምና በሌሎች ጥንታውያን ገዳማትና አድባራት የርስትና የጉልት ስጦታ በወንጌል ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ ይጻፍ የነበረው አንድም የሰውን ትውስታ ካለማመን ነው። ቃል ይለወጣል፣ ምስክርም ይሞታል፤ በወንጌል ላይ የሰፈረውን ግን ለመፋቅ የሚደፍር ብዙ አይገኝም። የንግድ መዝገብም የሚፈልገው ክብር ከዚህ የራቀ አይደለም፤ የተሳሳተ ቁጥር በአንድ መስመር ተሠርዞ ከጎኑ ትክክለኛው ይጻፋል፤ የተሠረዘው መነበብ አለበት።

እቁብ በዚህ መዝገብ ውስጥ የሚሰጠው ትምህርት ብቻውን ሊታሰብበት ይገባል። በየሳምንቱ የሚጣለው እቁብ ወጪ ነው? ብዙ ነጋዴ እንደ ወጪ ይጽፈዋል፤ ገንዘቡ ከእጅ ወጥቷልና። ዕጣው ሲወጣ ደግሞ ገቢ ነው ይላል። ሁለቱም ትክክል አይደሉም። ዕጣው በመጀመሪያው ዙር የወጣለት ሰው የተቀበለው ብድር ነው፤ ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ የሚጥለው የዕዳው ክፍያ ነው። በመጨረሻው ዙር የሚደርሰው ሰው ደግሞ ሲቆጥብ ኖሮ የገዛ ገንዘቡን ነው የተቀበለው። ሁለቱ ሰዎች በአንድ ቀን፣ በአንድ የእቁብ ዳኛ ፊት፣ እኩል ብር ጥለዋል፤ የድርጊታቸው ትርጉም ግን ዕጣው በወጣበት ተራ ተለያይቷል። ገና ያልወጣለት ሰው የሚጥለውን ምን ብሎ ይጻፈው? ተሰብሳቢ ሒሳብ ብሎ ነው፤ ዕጣ የወጣለት ዕለት ከጣለው በላይ የተቀበለው ወደ ዕዳ ይዛወራል። የመጀመሪያ ዕጣ የወጣላት እንጀራ ጋጋሪ መሳቢያዋ ሞልቶ አራተኛ ምጣድ ልትገዛ ትችላለች፤ ይህ ጥሩ ውሳኔ ሊሆን ይችላል፣ ነገር ግን በተበደረችው ገንዘብ እየሠራች መሆኗን ማወቅ አለባት።

የራሱን መዝገብ ያልጻፈ ነጋዴ ሌላ ሰው ይጽፍለታል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ግብር ከፋዮችን ደረጃ ሀ፣ ለ እና ሐ ብሎ ሲከፍል የዓመት ሽያጩ ከ500,000 ብር በታች የሆነው ግለሰብ ነጋዴ የተሟላ የሒሳብ መዝገብ የመያዝ ግዴታ ሳይጣልበት ቁርጥ ግብር እንዲከፍል አድርጎ ነበር። ዓላማው ማቅለል ነው። ከዚያ ወዲህ ሕጉ ቢሻሻልም በ2009 ዓ.ም. መጨረሻ የሆነው ነገር ለዚህ ጥያቄ ሁነኛ ምሳሌ ሆኖ ይኖራል። የዕለት ገቢያቸው በገማቾች የተተመነባቸው ብዙ አነስተኛ ነጋዴዎች ግምቱ ከእውነቱ ርቋል ብለው አቤት አሉ፤ በአዲስ አበባና በኦሮሚያ አንዳንድ ከተሞች ሱቆች ተዘጉ። ገማቹ በር ላይ ቆሞ የሚያየው ሽያጩን ነው፤ ጤፉ በስንት እንደተገዛ፣ ዱቤው ስንት እንደቀረ ማየት አይችልም። አቤት ባዩም በበኩሉ ያን ያህል አልሸጥኩም ከማለት በቀር የሚያሳየው ወረቀት አልነበረውም። በሁለት ግምቶች መካከል ማን ይዳኛል? ያልተጻፈ ሥራ ዝም ያለ ሥራ ነው፤ ዝም ያለውን ደግሞ እንደ ልብ መናገር የሚችለው ሌላው ነው።

ነጋዴው ከመጻፍ የሚሸሸው ግን ሁልጊዜ በስንፍና አይደለም፤ የጻፍኩት ይመሰክርብኛል ብሎ ይፈራል። ከዚህ ፍርሃት የሚወለደው ሁለተኛው ደብተር ነው፤ አንዱ ለግብር ሰብሳቢ፣ አንዱ ለራስ። የሕጉን ጉዳይ ለጊዜው ትተን በዕውቀት በኩል ብቻ ብናየው እንኳ ይህ መንገድ የታሰበውን አይሰጥም። ለሌላ የተቀነሰው ቁጥር ከደረሰኝ ጋር እንዲስማማ ደረሰኝ ሳይቆረጥ ይሸጣል፤ ደረሰኝ ያልተቆረጠለት ሽያጭ ከእውነተኛው ደብተርም ቀስ በቀስ ይጠፋል። ባንክ ብድር ሲጠየቅ የሚያየው የተቀነሰውን ነው፤ ሥራው የማያተርፍ ሆኖ ይታየዋል። ረዳቷም ያልተጻፈ ሽያጭ እንዳለ ስታውቅ ያልተጻፈውን የሚቆጣጠር እንደሌለ ታውቃለች። ሌላውን ለማሳወር የተጀመረው ነገር በዓመቱ ባለቤቱን አሳውሮ ይገኛል።

እስካሁን የተባለው ስላለፈው ነው። በጀት ግን ገና ያልሆነውን ይጽፋል፤ በዚህም ከመዝገብ ይልቅ እንግዳ ነገር ነው። የተጻፈው በጀት እንደተጻፈ ሆኖ አያውቅም፤ ክረምት ሲገባ የጤፍ ዋጋ ይወጣል፣ አዲሱ ምርት ከኅዳር ጀምሮ ሲደርስ ይረግባል፣ መብራት ጠፍቶ የተቦካው ሊጥ ኮምጥጦ ይደፋል። ሁልጊዜ የሚሳሳት ነገር ለምን ይጻፋል? ትንቢት ነው ከተባለ ሐሰተኛ ትንቢት ነው፤ ምኞት ነው ከተባለ ለምኞት ወረቀት አያስፈልገውም። ይልቅ በጀት የዛሬዋ ባለቤት ለነገዋ ባለቤት የምትሰጠው ቃል ነው ቢባል ይቀርባል፤ ቃል ደግሞ በምክንያት ሊፈርስ ይችላል፣ ሲፈርስ ግን ምክንያቱን ይጠይቃል። ለወሩ 5 ኩንታል ጤፍ በ14,000 ብር ሒሳብ 70,000 ብር ተመድቦ 80,000 ከወጣ የ10,000 ብሩ ልዩነት ሦስት ዓይነት ነገር ሊናገር ይችላል። ኩንታሉ 16,000 ገብቶ ከሆነ ጥያቄው የእንጀራው ዋጋ ነው። ዋጋው ሳይለወጥ ወደ ስድስት የተጠጋ ኩንታል ተገዝቶ ለክረምት ተቀምጦ ከሆነ ነገሩ ብልኅነት ነው፤ መሳቢያው ግን ይሳሳል። ጤፉ ሁሉ ተጋግሮ ያለቀ ሆኖ የእንጀራው ቁጥር ካልጨመረ ደግሞ ችግሩ ምጣዱ ላይ ነው፤ እንጀራው እየወፈረ ነው፣ ወይም እየተበላሸ የሚጣለው በዝቷል። ምንም ያልጠበቀች ሴት በወሩ መጨረሻ 80,000 ብር ወጣ ብላ ታልፋለች፤ ከምን ጋር አነጻጽራ ትደነቃለች? የበጀት ጥቅም እዚህ ላይ ነው፤ መሳሳቱን የሚታይና የሚመረመር ያደርገዋል። ለዚህም ሲባል ወሩ ካለፈ በኋላ በጀቱን ከሆነው ጋር እንዲስማማ ማስተካከል በጀት አለመጻፍ ነው።

አንድ ጥርጥር እስከ መጨረሻው ሳይፈታ ይቆያል፤ እርሱም የመለኪያው ነገር ነው። መዝገቡም በጀቱም በብር ይጻፋሉ፤ ብሩ ግን ራሱ አይረጋም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ዕቃ በአሮጌው ዋጋ ገዝቶ በአሮጌው ዋጋ የሸጠ ነጋዴ መዝገቡ አተረፍክ ሲለው በሸጠበት ገንዘብ ያንኑ ዕቃ መልሶ መግዛት አቃተው። የእንጀራ ጋጋሪዋ ምጣዶችም እንዲሁ ናቸው። በየወሩ 1,000 ብር ተቀንሶ ሲቀመጥ በሦስት ዓመት 36,000 ብር ይሞላል፤ ያን ጊዜ አንዱ ምጣድ 18,000 ብር ገብቶ ከሆነ በዚያ ገንዘብ የሚገዛው ሁለት ነው። በቁጥር ወረቷ አልተነካም፤ በነገር ግን ከሦስት ምጣድ አንዱን በልታለች፣ ምናልባትም ትርፍ መስሏት። ትርፍ ማለት ወረትን ሳይነኩ ሊበላ የሚችለው ነው ከተባለ፣ ወረት ማለት ብሩ ነው ወይስ ሥራውን የሚያሠራው ዕቃ? የግብር ሕግ የገዙበትን ብር ይዞ ይሄዳል፤ ጠንቃቃ ባለቤት ግን ከጎኑ የዛሬውን መተኪያ ዋጋ ትጽፋለች፣ ለቤቷ የምትወስደውንም በሁለተኛው ስሌት ትወስናለች። ሁለቱ መልሶች ተቻችለው ይኖራሉ፤ ለሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች የተሰጡ ናቸውና።

የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲያልቅ የተጻፈው ሁሉ ከነገሩ ጋር ፊት ለፊት ይተያያል። ጆንያው ይመዘናል፣ ጥሬ ገንዘቡና የባንክ ሒሳቡ ይመሳከራል፣ ምጣዱ ይታያል፣ ዱቤው በየስሙ ይነበባል። ከዱቤው መካከል ሆቴሉን ዘግቶ የሄደ ሰው ስም ይኖራል። ገንዘቡ እንጀራው በተሸጠበት ዕለት ገቢ ተብሎ ተጽፏል፣ ትርፍ ተብሎም ተቆጥሯል፤ አሁን ግን አይመጣም። ስሙን ላለመሠረዝ የሚፈልግ እጅ ብዙ ምክንያት ያገኛል፤ ሰውየው ደግ ነበር፣ ይመለሳል፣ ዘመዱ ይከፍላል። ዱቤው ሲሠረዝ ያለፈው ዓመት ትርፍ ወደ ኋላ ተመልሶ ይቀንሳል ማለት አይደለም፤ ያን ጊዜ በታወቀው መጠን እውነት ነበር፣ ኪሳራው የሚጻፈው ተስፋው በተቆረጠበት ዓመት ላይ ነው። ከዚያ በኋላ የቀረው ሁሉ፣ ገንዘቡም፣ ጤፉም፣ የሚሰበሰበው ዱቤና የሚከፈለው ዕዳ፣ ሐምሌ 1 ቀን በአዲሱ ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ላይ እንደ መነሻ ይገለበጣል፤ የአዲሱ ዓመት በጀትም ከዚያው ቁጥር ተነስቶ ይሠራል።